በካርታው ላይ የሌለው ግድግዳ

ሐሙስ፣ የካቲት 14፣ ከትምህርት ቤት መልስ

ውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ያለህበት የት እንደሆነ በትክክል ባላውቅም። ሾፌርህ ነገ ጠዋት ወደ አንተ ስለሚመለስ ይህን ደብዳቤ በእጁ እሰጠዋለሁ። ስደውልልህ አታነሣም፣ መልእክት ስልክልህ አታይም። ወረቀት ግን ኪስህ ከገባ መቼም አንድ ቀን ማንበብህ አይቀርም ብዬ ነው። አጻጻፌ ካስቀየመህ ታናሽህ ነኝና እለፈኝ።

እማዬና አባዬ ደህና ናቸው እንዳልልህ ደህና አይደሉም፤ ታመዋል እንዳልልህ ደግሞ ሁለቱም ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። እማዬ ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካው ተመልሳለች፤ አሁን የጠዋት ፈረቃ ናት። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራውን ይገልጥና ሞተሩን ያስነሣል፤ ባትሪው እንዳይሞት ነው ይላል። መሪውን ይዞ ትንሽ ከተቀመጠ በኋላ አጥፍቶ ይወርዳል። የትም አይሄድባትም። ወደ ሥራው እስከ ሰፈሩ ትልቅ በር በእግሩ ወጥቶ በታክሲ ነው የሚሄደው። የኋላውን ወንበር ማንም አላጸዳውም፤ የሚጣ የፀጉር ማስያዣ አሁንም እዚያው ወለሉ ላይ አለ። አይቼዋለሁ፣ አላነሣሁትም።

እኔ እየተማርኩ ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን፣ ያ እግሩን አንፈራጦ ስለሚቆም ኮምፓስ የምንለው፣ ባለፈው ሳምንት ስለ ከተሞች መስፋፋት ሲያስተምር ወንድምህ የከተማ መንገድ ካርታ ሲሥል የሚሠራውን ተነሥተህ አስረዳ አለኝ። ተነሣሁ። አንተ እንዳስተማርከኝ መጀመሪያ የዓሣ መረብ ሣልኩ። ይሄ የድሮው ከተማ ነው፣ መንገዱ ሁሉ እርስ በርሱ ይገናኛል፣ አንዱ ቢዘጋ በሌላው ትሄዳለህ አልኩ። ቀጥዬ ማበጠሪያ ሣልኩ። ይሄ ደግሞ ከተማው ሲለጠጥ ዳር ዳሩን የሚሠራው ነው፤ አንድ ዋና መንገድ ይኖርና ሌሎቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይንጠለጠሉበታል፤ ከጀርባህ ያለው ጎረቤትህ ጋ ለመድረስ እንኳ ዞረህ በዋናው መውጣት አለብህ አልኩ። በየመገናኛው ቆመን «ይሄ ስንት አፍ አለው?» እየተባባልን የምንቆጥረውንም ነገርኳቸው፤ አራት አፍ ያለው፣ ሦስት አፍ ያለው፣ አንድ አፍ ብቻ ኖሮት በገባህበት የምትወጣው። ከኋላ አንድ ልጅ፣ ክፋት አስቦ አይመስለኝም፣ የእናንተ ሰፈርስ ስንት አለው አለኝ። ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። እኅታችን ሚጣ እንዴት እንደሞተች ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ኮምፓስ ጠመኔውን ተቀበለኝና ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ።

ሾፌርህ እሑድ ዕለት ቤት መጣ። መኪናውን ለማሠራት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መጥቶ እግረ መንገዱን ሊጠይቀን ነው። ያ ወሬኛ ሰውዬ ሻዩን እየጠጣ ከእማዬ ጋር ስለ ጎማ ዋጋ ብቻ ሲያወራ ገርሞኝ ነበር። እማዬ ወደ ጓዳ ስትገባ ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «ቀጮ፣ እባካችሁ ወንድምህን ጥሩልኝ» አለኝ።

ሥራችሁ ማለቅ ከነበረበት ጊዜ አልፎ፣ አንተ ግን ሌላ ከተማ ጨምሩልኝ እያልክ እንደምታስቀጥል ነገረኝ። በየከተማው መሐሉን ቶሎ ትጨርሳለህ አሉ። እዚያ መንገዱ ሁሉ ስለሚገናኝ መኪናው ሳይቆም ያልፋል፣ አንተም ትቀልዳለህ፣ ትበላለህ። ዳር ላይ ወዳሉት አዳዲስ ሰፈሮች ስትደርሱ ነው ነገሩ የሚለወጠው። መጨረሻው በተዘጋ መንገድ ሁሉ ትወርዳለህ። እስከ ግድግዳው በእግርህ ትሄዳለህ። ግድግዳውን በመዳፍህ ትዳብስና ጆሮህን ትለጥፍበታለህ። መጀመሪያ እየለካህ መስሎት ነበር። «ጆሮ ደግሞ ምን ይለካል?» አለኝ፤ ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም።

እሱን የሚያስፈራው ግን ይህ ብቻ አይደለም። የከተሞቹ መሐል መሐል አይመሳሰልም አለ፤ አንዱ ዳገት ነው፣ አንዱ ወንዝ ያቋርጠዋል፣ አንዱ ጠባብ ነው። ዳራቸው ግን አንድ ነው። ያው ትልቅ የብረት በር፣ ያው ሰማያዊ የውኃ ታንከር፣ ያው በረንዳ ያለው ቤት፣ ያው ግድግዳ። አንድ ቀን አንተን ሲጠብቅ መሪው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ የትኛው ከተማ እንዳለ ጠፋው። በዚያ የሚያልፍ ልጅ ጠርቶ የሰፈሩን ስም ጠየቀ። ልጁ የነገረው የእኛን ሰፈር ስም ነው። ቀና ሲል አንተ ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብለህ፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ሰማሽው?» ስትል ሰማ። አጠገብህ ማንም አልነበረም።

በውኃ ዳር ባለ አንድ ከተማ ብቻ እንደ ድሮህ እንደሆንክ ነገረኝ። እዚያ አዲሶቹን ሰፈሮች ሲሠሩ መንገዶቹን እንደገና ማገናኘት ጀምረዋል፤ በየግድግዳው መሐል ለእግረኛ መተላለፊያ ይተዋሉ፣ የቆዩትንም እየቀደዱ ነው አለኝ። አንተ አራት አፍ ያለው አንድ አዲስ መገናኛ ላይ ወርደህ፣ መሐሉ ላይ ቆመህ፣ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉብህ አልንቀሳቀስ ብለህ አለቀስክ። ሾፌርህ እጅህን ይዞ ነው ያወጣህ። ይህን ሲነግረኝ እማዬ መጣችና ወደ ጎማው ወሬ ተመለሰ።

ጋሼ፣ የምጽፍልህ ቤትህ እንድትመጣ ነው። ናፍቆትም አለበት፤ ግን ናፍቆት ብቻ ቢሆን እታገሥ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ።

ባለፈው ሳምንት አባዬ ሥራ አስፈቅዶ እኔን ከትምህርት ቤት አስወጣኝና ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ከጤና ጣቢያው የሚለየን ግድግዳ ላይ የሰው መተላለፊያ እንዲከፈትልን ልናመለክት ነው። ጎረቤቶችም ፈርመዋል። ታክሲ ውስጥ አባዬ ያን ቀን የሆነውን ንገረኝ አለኝ፤ እስከ ዛሬ ጠይቆኝ አያውቅም። እንደሆነው ነገርኩት። ሚጣ ትንፋሽ አጠራት፤ የምትስበው መድኃኒት አልቆ ነበር። ከበረንዳችን የጤና ጣቢያው አረንጓዴ ሰሌዳ ይታያል። በዋናው በር ወጥቶ ዞሮ መሄድ ሩቅ ነው። አንተ በእኛ መንገድ ወደ ታች በቀጥታ ይወጣል አልክ፤ ካርታው ላይ ስላየኸው። ያኔ እዚህ ሰፈር ከገባን ገና መንፈቅም አልሆነንም ነበር፣ አንተ ደግሞ የምትመጣው በወር አንዴ ነው፣ እኔም እስከዚያ ጫፍ ሄጄ አላውቅም። አንተ መሪ ላይ፣ እኔ ከኋላ እሷን ታቅፌ። ትልቁ ዛፍ ሥር ስንደርስ ግድግዳ ነበር። ወርደህ በሁለት እጅህ መታኸው። መሰላል፣ መሰላል ብለህ ጮህክ። ከማዶ ማንም አልመለሰም። ተመልሰን በዋናው ዞርን። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሕይወቷ አልፎ ነበር።

አባዬ የታክሲውን መስኮት ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ።

ማዘጋጃ ቤት ኮምፒውተር ላይ የምትሠራ ወጣት ሴት ተቀበለችን። ጥሩ ሰው ናት። ማመልከቻውን አነበበች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ መልሳ ማመልከቻውን አየች።

«አባቴ፣ እዚህ ቦታ ግድግዳ የለም» አለች።

«ልጄ፣ እኔ በእጄ ነክቼዋለሁ» አለ አባዬ።

«አይዋሹም፤ አምናለሁ። ግን እኛ ዘንድ መንገዱ ክፍት ነው። ክፍት የሆነን መንገድ ክፈቱ ብዬ እንዴት ልጻፍ?»

ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረችው። ከሰማይ ከተነሣ ፎቶ በተሣለው ካርታ ላይ መንገዳችን እንደ ነጭ ክር ቀጥ ብሎ ይሄድና ዛፉ ሥር ይገባል፤ በዚያ ወገን ይወጣና ጤና ጣቢያው ደጅ ይደርሳል። ወዲያው ገባኝ። መንገድ በአንድ በኩል ጥላ ሥር ገብቶ በሌላው በኩል በዚያው መሥመር ከወጣ እንደተገናኘ ቆጥራችሁ እንደምትሥሉት አንተው ነግረኸኛል። በየዛፉ ሥር እየወረድን ካየን ሥራው መቼ ያልቃል ብለህ ስቀህ ነበር። አባዬ ይህን የሣለው ማን ነው አለ። ልጅቷ ስምህን ከነአባትህ አነበበችለት። አባዬ ልጄ ነው አላለም። ባርኔጣውን አደረገ።

ማስተካከል የሚችለው ካርታውን የሣለው መዝጋቢ ብቻ ነው፣ እሱም ቦታው ላይ ቆሞ በዓይኑ አይቶ፤ ደንቡ እንዲህ ነው አለችን። ሰው ቢሮ ተቀምጦ የማንንም መንገድ እንዳይዘጋና እንዳይከፍት ነው። መዝጋቢው ካልመጣ የሚቀጥለው ጥናት እስኪወጣ መጠበቅ ነው፤ እሱም መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ደረጃውን ስንወርድ አባዬ ቆም ብሎ፣ «ጻፍለት፣ ይምጣ» አለኝ። «ስለ ግድግዳው ብቻ ነው በለው። ሌላ የምጠይቀው የለም።»

አየህ ጋሼ፣ አንተ መጥተህ ዝግ ነው ብለህ ካልጻፍክ ማንም አይከፍተውም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ግድግዳው ይንኳኳል።

ዘበኛችንን ታውቀው የለ፣ አምሳ አለቃ የምንለውን፣ በሕይወቱ ወታደር ሆኖ የማያውቀውን። መጀመሪያ የሰማው እሱ ነው። እንግዳ ከሆነ በበር ገብቶ ይመዝገብ እያለ ሲቀልድ ነበር። አሁን ከሰዓት በኋላ የዛፉ ጥላ ግድግዳው ላይ መውጣት ሲጀምር ወደዚያ ጫፍ አይሄድም። የመጨረሻው ቤት ሰዎች ለቀው ሄደዋል፤ ውኃ አይመጣም ብለው ነው፣ ውኃ ግን ይመጣል። እኔም ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ በሁለት መዳፍ ቶሎ ቶሎ ነው፤ ከዚያ ይዘገያል፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይሆናል። አንተ ያን ቀን የመታኸው አመታት ነው። ሌላ ሰው ቢሰማ አያውቀውም። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ ስለሰማሁት አውቀዋለሁ።

እማዬ ከፈረቃዋ ስትመለስ በርጩማዋን ይዛ እዚያ ትቀመጣለች። ሱሪዬን እያጠበበች፣ ቁልፍ እየተከለች። ለምን እዚህ አልኳት። ቤቱ ሙቀት ነው አለችኝ። ቤታችን ቀዝቃዛ መሆኑን ታውቃለህ።

ትናንት ረቡዕ መምህራን ስብሰባ ስለነበራቸው በግማሽ ቀን ለቀቁን። እኔም ወደ ግድግዳው ማዶ ሄድኩ። ከበረንዳ ድንጋይ ብወረውር የሚደርስ ቦታ ሁለት ታክሲ ያዝኩለት። ድሮ ሰፈር ነው ጋሼ፣ ብታየው ትወደዋለህ። መንገዱ ጠባብ ነው ግን ሁሉም ይወጣል። ጠፋሁ ብዬ ስታጠፍ ጤና ጣቢያው፤ እንደገና ጠፋሁ ብዬ ስታጠፍ እዚያው ጤና ጣቢያው። ሰዎች የማንን ቤት ፈልገህ ነው ይላሉ። የማንንም ማለት አፈርኩና ዛፉን አልኩ።

ዛፉ ሥሩ በእነሱ በኩል ነው። ከሥሩ አንዲት ትልቅ ሴት ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግተው ይሸጣሉ። ጀርባቸውን ለግድግዳው አልሰጡም፤ እያዩት ነው የሚቀመጡት። ከየት መጣህ አሉኝ። ከማዶ አልኩ። ቲማቲሙን መደርደር ትተው አዩኝ።

«ከማዶ ሰው መጥቶ አያውቅም» አሉ። «ሰው መኖሩንም እንጃ። ግድግዳው ብቻ ነው የሚንኳኳው።»

እኛ አይደለንም የምናንኳኳው አልኳቸው፤ እኛም የምንሰማው ከእናንተ በኩል ነው አልኩ። ወደ እኔ ጠጋ አሉና እንደመንሾካሾክ ብለው አንድ ቀን የሆነውን ነገሩኝ። ሰው ግድግዳውን ሲደበድብ፣ ሲጮህ ሰሙ። ሰካራም መሰላቸው። ወይ ሌባ ሊያታልል ነው አሉ ጎረቤቶች። ልጆቹን ወደ ቤት አስገብተው በር ዘጉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው አሉ የሚንኳኳው፤ በዚያው ሰዓት።

«መሰላል ነበር የሚለው፣ ልጄ። መሰላል እኮ አለን። ያው፣ ተደግፎ የምታየው።»

አየሁት። የእንጨት መሰላል ነው፣ ቀለም የተንጠባጠበበት፣ ከግድግዳው ይረዝማል።

«ማን ነበር? ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው። ቲማቲም ሰጡኝ፤ ልክፈል ብል እንቢ አሉ።

ከዚያ ግድግዳው ጋ ሄድኩ። ጥላው ገና እየወጣ ነበር። እጄን አነሣሁና አንኳኳሁ፤ ቀስ አድርጌ፣ የሰው ቤት እንደሚንኳኳው። ሴትዮዋ ተው ልጄ አሉኝ ከኋላዬ። ወዲያው ከማዶ መለሰልኝ። እንደ አንተ አልነበረም። ቀስ ያለ ነው፣ ትንሽ እጅ ነው፣ ከወገቤ ዝቅ ብሎ ነው የመጣው። ጎንበስ አልኩ። ስሟን ለመጥራት አፌን ከፍቼ ነበር። አልጠራሁም፤ ብትመልስልኝ ምን እላለሁ?

እማዬ ናት አልኩ በልቤ፤ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ተቀምጦ ያንኳኳ ሰው ዝቅ ብሎ ነው የሚሰማው። መንገዱን ሁሉ ይህን እያልኩ ተመለስኩ። በትልቁ በር ገብቼ በቀጥታ ወደ ጫፉ ሮጥኩ። እማዬ እዚያው ናት፤ ሁለት እጇ ስፌቷ ላይ። አንቺ ነሽ ያንኳኳሽው አልኳት።

«እኔ? ከማዶ ሲንኳኳ ሰማሁ» አለች። «ተነሥቼ ልመልስ ስል፣ እዚሁ አጠገቤ ተመለሰ።»

ድምፅዋ ፍርሃት የለበትም። ይህን ብላ በርጩማዋን ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ ተቀመጠች፣ ሰው ለሌላ ሰው ቦታ እንደሚለቀው። እኔ ነኝ የፈራሁት ጋሼ። የፈራሁት የሚያንኳኳውን አይደለም። እማዬ በርጩማዋን ይዛ ከዚያ እንዳትቀር፣ አባዬ ከማትሄድ መኪና ውስጥ እንዳይቀር፣ አንተም ከሆነ ከተማ ጫፍ ላይ ጆሮህን እንደለጠፍክ እንዳትቀር ነው። ሁላችንም አንድ አፍ ብቻ ያለው ቦታ ገብተን፣ ማንም ዞሮ መውጣት አልቻለም።

አሁን ሊመሽ ነው፤ ሾፌርህም በጠዋት ይነሣል። ያልጻፍኩልህ አንድ ነገር ቀርቷል። ባለፈው ስትደውል፣ ግድግዳው ጋ ስንቆም ትንፋሽ ነበራት ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። መስመሩ አይሰማም ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ ይሰማ ነበር። በወረቀትም አልመልስልህም። ና። ዛፉ ሥር ቁምና መንገዱ ዝግ ነው ብለህ መዝግብ። ያኔ አጠገብህ ቆሜ፣ አንተ ወርደህ ግድግዳውን ስትመታ ሚጣ ምን እንዳለችኝ እነግርሃለሁ። የቁጣ ቃል አይደለም፣ በዚህ አትፍራ። ለጋሼ ንገረው ያለችኝ ነው፤ እኔ ዘንድ ብዙ ቆየ፣ ብቻዬን መያዙም ከበደኝ።

በሄድክበት ሁሉ ፈጣሪ መውጫ አያሳጣህ። የሚያነቃህ ሰው፣ ደጅ የሚከፍትልህ ሰው አያሳጣህ። እማዬና አባዬ ሰላም ብለውሃል፤ በአፋቸው ባይሉም።

ታናሽህ
ቀጮ